ታጥቦ ማቀፍ

ባትሪ ሠሪው ሽማግሌ አንድ ኩራት ነበረው፤ ከሥራ ሲገባ የሚሮጥለት ሕፃን አጥቶ አያውቅም። ድሮ ልጁ ነበረች፣ አሁን ደግሞ የልጁ ልጅ ሚጢጢ። ሁለት ዓመቷ ነው። የጓሮው በር ሲንኳኳ ያላትን ኃይል ሁሉ አሰባስባ ትሮጣለች፤ እሱም በዚያው በሥራ ቱታው አፈፍ አድርጎ ያነሳታል። ቱታው ላይ፣ ከአሮጌ ባትሪ እያወጣ ጓሮው ውስጥ ሲያቀልጠው የዋለው የእርሳስ ብረት አቧራ አለ። አቧራ ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ልጁ አስተማሪ ናት። ገና በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ደም ግፊት ሲይዛት ሽማግሌው፣ «ንዴትሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ተማሪ ይመስልሻል» እያለ ይቀልድባት ነበር። ሐኪሟ ግን ስለ ጨው ጠይቃት ስትጨርስ፣ «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አለቻት። በልጅነት ደም ውስጥ የገባ እርሳስ የደም ሥርን ይጎዳል፤ ሥሩ እንደ ልቡ መለጠጥ ያቅተዋል፤ ግፊቱም ካደጉ በኋላ ከፍ ሊል ይችላል።

«ያንቺ ከዚያ ነው ብዬ አልምልም» አለች ሐኪሟ። «የሕፃኗን ደም ግን እንየው።»

ታየ፤ እርሳስ ተገኘበት።

አስተማሪዋ የዚያኑ ቀን የጓሮው በር ላይ ቆመች። «አባዬ፣ በዚህ ልብስ እንዳትነካት።»

«እንዴ! የገዛ ልጄን ልጅ?»

ሽማግሌው አኮረፈ። ግን ያለ ሚጢጢ አንድ ቀን ማደርም ስላልቻለ በነጋታው መላ መታ፤ የጎማ መንፊያውን አየር ለቀቀና ቱታውን ከላይ እስከ ታች በአየሩ አራገፈው። ግቢው ውስጥ የተሰጣው ልብስ ሁሉ በአቧራው ሸበተ።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች ልጁ በመስኮት፤ «ካንተ ላይ አንስተህ ለሁላችንም አካፈልከን እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ማቅለጫውን ከጓሮ ነቀለና ራቅ ወዳለ ጋራዥ ወሰደው። ግቢው ታጠበ፣ የጓሮው አፈር ተገፎ ወጣ። ሽማግሌው ቱታውን ጋራዡ ውስጥ ጥሎ፣ ተለቃልቆ፣ ሙሽራ መስሎ መግባት ጀመረ። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ውሃ ጠፋና በቱታው መጣ። ሚጢጢ ልታቅፈው ተንደረደረች፤ እሱ ደግሞ ዞሮ እግሬ አውጪኝ አለ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

«አባ ባትሪ፣ ምን ሰርቀው ነው?» አለችው ጎረቤት።

«ደም ግፊት እንዳላወርሳት ነው የምሮጠው!»

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ሦስቱም የምርመራውን ውጤት ሊሰሙ ሄዱ፤ ሽማግሌው እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም። ሐኪሟ ወረቀቱን አየት አድርጋ ሣቀች። የሕፃኗ እርሳስ በጣም ወርዷል፤ የእናቲቱም ግፊት በመድኃኒቱ ልክ ገብቷል።

ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌው ሚጢጢን ወደ ላይ እያነሳ ሲያስቃት ቆየና ወደ እናቷ ዞረ።

«አንቺንም እንዲህ ታጥቤ አቅፌሽ ቢሆን ኖሮ...» አላት ልጁን።

«አላወቅክማ፣ አባዬ።»

«አላወቅሁም። ግን በገዛ እጄ ነው።»

አስተማሪዋ ሚጢጢን ከክንዱ ተቀብላ መሬት አቆመቻት።

«ከታጠብክ አይቀር እኔንም እቀፈኛ!» አለችው።

ያ ሁሉ ታካሚ እያየ ደረቱ ውስጥ ገባች። ሁለቱም እያለቀሱ ይስቃሉ፤ ሚጢጢ ደግሞ ቀንታ፣ የእናቷን ቀሚስ እየጎተተች፣ «እኔ! እኔ!» ትላለች።