ምሥራቅ ወደ ቤቷ ስትመለስ

መምህርት ማህሌት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትጠብቅ ረፈደባት። ባሏ ወደሚሠራበት ደብረ ታቦር ለመዛወር ያመለከተችው ዘንድሮም አልተሳካም። በምታስተምርበት በአርብ ገበያ ከተማ ሌላ ዓመት ብቻዋን ልትከርም ነው። ሹፌሩም ፀሐዩም መቀመጫውም አናደዷት።

በመጨረሻ አድማሱ የሚባል ገበሬ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ እንደታቀፈ ገባና አጠገቧ ተጣቦ ተቀመጠ። ልጅቷ ረዘም ያለች ስለሆነች እግሯ የማህሌት ጭን ላይ አረፈ።

“ሰብሰብ ያድርጓት እንጂ!” አለችው።

“ይቅርታ እህቴ” ብሎ ወደ ደረቱ ሳባት።

መኪናው እንደተነሳ ባሏ ደሳለኝ ደወለ። “ምን አሉሽ?”

“ምን ይላሉ! በዚህ አገር እንደኔ የተበደለ ሰው የለም!” ብላ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዞር ጮኸችና ስልኩን ዘጋችው። ገበሬው አንገቱን ደፍቶ የልጁን ግንባር በጋቢው ጫፍ ይሸፍናል።

ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሲነጥር የልጅቷ እግር ከጋቢው ወጥቶ እንደገና ማህሌት ላይ ወደቀ። ልትገፋው ያዘችው። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እጇን ሳታነሳ ወደ አባትየው ዞረች።

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። “ስለ ማርያም ብለሽ ዝም በይ እህቴ። ሌሊት ሐኪም ቤት አረፈችብኝ። ሹፌሩ ካወቀ ያወርደናል። እናቷ ሳታያት መንገድ ላይ ልቅበራት?”

ማህሌት “ስሟ ማን ነው?” አለችው።

“ምሥራቅ።”

ነጠላዋን አወለቀችና የልጅቷን እግር አልብሳ ጭኗ ላይ አቀፈችው። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ልጅቷን ትክ ብሎ አያት። “ምን ሆና ነው? አትንቀሳቀስም።”

“ትኩሳት ነበረባት፤ አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት። አትቀስቅሳት” አለችው ማህሌት።

አርብ ገበያ ሳይደርሱ አድማሱ “ወራጅ” አለ። ማህሌትም ተከትላው ወረደች።

“ይበቃሻል እህቴ፣ ተመለሺ።”

“ብቻዎን አይገቡም።”

በገብስ ማሳው መሃል ሄዱ። የልጅቷ እናት ማንአለሽ ከሩቅ አየቻቸውና እየሮጠች መጣች። እልልታዋን አቀለጠችው። “ዳነች! ልጄን አመጣልኝ!”

አድማሱ ባለበት ቆመ። ማህሌት ቀድማ ሄዳ ሴትየዋን በሁለት እጇ ያዘቻት። ማንአለሽ የማታውቃትን ሴት ፊት አየች፤ ቀጥላ የባሏን። እልልታው አፏ ላይ ቀረ።

“ለምን ተሸከምካት?” አለችው። “ምሥራቄ መሄድ ትችላለች እኮ።”

አድማሱ ጋቢውን እንደታቀፈ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሯት። ማህሌት ማንአለሽን ደግፋ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቤት ስትመልሳት፣ ጎረቤቶቹ “የአባትየው ዘመድ ትሆናለች” ሲባባሉ ሰማች። አላረመቻቸውም።