የዋቤ የመጨረሻው ድልድይ

ዑመይር ከወልቂጤ የተነሳው ብቻውን፣ በሞተር ነው። ታናሽ ወንድሙን ኡበይድን ዋቤ ወንዝ ከወሰደው ወዲህ ቤታቸው ድንኳን አልተተከለም። እናቱ «ልጄ ሳይቀበር ለቅሶ አልቀመጥም» ብላ በር በሩን እያየች ትውላለች፤ እህል ከቀመሰችም ቆይታለች።

ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ወረደ። በየድልድዩ እየቆመ፣ ከጠርዙ ላይ ጎንበስ ብሎ ቁጥቋጦው የያዘውን ግንድና ጨርቅ ያያል፤ ከዚያ ተሻግሮ በወዲያኛው ዳር ይቀጥላል። ደፍርሶ ከሚጋልበው ውሃ በቀር ያገኘው ነገር የለም።

የመጨረሻው ድልድይ ሥር አሸዋ የሚያወጣ ሰው «ሞተሯን ላጥብልህ? ጭቃው እኮ ካንተ ይከብዳል!» ብሎ ሳቀበት። ዑመይር የመጣበትን ጉዳይ ሲነግረው ሳቁ ጠፋ።

«ወንድሜ፣ ከዚህ በታች ግቤ ነው። ግቤ የወሰደው አይገኝም። አላህ ይዘንለት።»

ዑመይር ለእናቱ ደወለ።

«አገኘኸው?»

«አዎ እማ» አለ፤ ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ። «አስከሬኑ የሚቆይ አልነበረም፤ እዚሁ ቀበርነው።»

«ማን አጠበው?»

«እኔ።»

እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሪ አለች። አብረዋት ያሉት ጎረቤቶችም ማልቀስ ጀመሩ። ዑመይር አሁንስ እህል ትቀምሳለች ብሎ እፎይ አለ። ለቅሶው ጋብ ሲል ግን ድምጿ ተመለሰ።

«ነገ ወስደህ ቀብሩን ታሳየኛለህ።»

«እሺ እማ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ሰውዬውን አካፋ እንዲያውሰው ለመነው።