ካሮት በጣት ልክ

በጣት ልክ ይቆረጣል ይላል፣ በማን ጣት፣ በእኔ ጣት ከሆነ ግንድ ነው የሚወጣው፣ በልጅ ልጄ ጣት ከሆነ ክብሪት፣ ልጄ ከኢንተርኔት ገልብጣ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈችው ወረቀት ይህን አያብራራም፣ ከትምህርት ቤት ተርበው ለሚመለሱ ልጆች ፈጣንና ጤናማ መክሰስ፣ ከሥሩ አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን እንኳ እሳት አይነካውም። ጥንቸል ነው የምቀልበው?

ሠላሳ አንድ ዓመት። ሠላሳ አንድ ዓመት የአዳሪ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ፣ አራት መቶ ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በርሜል የሚያክል ድስት በአካፋ ጭልፋ እያማሰልኩ፣ አሁን እዚህች ሁለት ሰው ከገባባት መዞሪያ የሌላት ኩሽና ውስጥ ቆሜ በቁጥር አራት መሠረት ኪያር እልጣለሁ። አትክልቱ በሚፈስ ውኃ በሚገባ ይታጠባል። እሺ እመቤቴ። ቁጥር ሰባት፣ ዳቦው በኮከብ ቅርጽ ይቆረጣል። የተረፈውን ጠርዝ ማን ይብላው፣ አንቺ ትበዪዋለሽ? ዝርዝሩን ያወጣችውን ሴትዮ ልጄ በስልኳ አሳይታኛለች፣ ጥፍሯን ተቀብታ ፖም የምትቆርጥ፣ ሽንኩርት አንድ ቀን አስለቅሷት የማያውቅ፣ የልጆቻችሁን የደከመ አእምሮ በቀለማት አነቃቁት ትላለች፣ በቀለማት! የተራበ ልጅ ቀለም ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም፣ አምጡ ነው የሚለው፣ ጨምሩ ነው የሚለው፣ ይሄ ሁሉ ቢበላ ከአንጀት ጠብ የማይል ነገር፣ አቦ ተይን።

ሰርቪሱ ሊደርስ ሃያ ደቂቃ።

ቢላውን ለሦስተኛ ጊዜ አጥበዋለሁ። ልጄ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ አባዬ ሞግዚቷ ስለታመመች ነው፣ ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው፣ ከዝርዝሩ ውጪ ምንም፣ ገባህ፣ ገብቶኛል አልኳት፣ ድጋሚ ከሆነ ከልጄ ጋር ብቻህን አልተውህም አለችኝ፣ መቼም አልተውህም። መቼም። በዚህ እጅ ጎርሳ ያደገች ልጅ። ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ሁሉ ሳህኑን ይዞ ፊቴ ሲሰለፍልኝ የኖርኩት ሰውዬ ዛሬ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ሙከራ ላይ ነኝ፣ ፈታኜ ደግሞ ካሮት።

ኦቾሎኒ አይስማማውም አሉኝ፣ አለርጂ ነው፣ ሳቅሁ። አዎ ሳቅሁ። በእኔ ጊዜ አለርጂ የሚባል ነገር ማን ያውቃል፣ ቅንጡ ልጅ ግን ሞልቶ ነበር፣ ጎመን ይሸተኛል የሚል፣ ዓሣ ካየሁ ያስመልሰኛል የሚል፣ መድኃኒታቸውን አውቃለሁ፣ ሳያዩ መደባለቅ ነው፣ ጎመኑን ፈጭቶ ሾርባው ውስጥ፣ ዓሣውን ድንቹ ሥር፣ ልሶ ጨርሶ ይደገመኝ ይላል፣ በሳምንቱ እነግረውና ስንሳሳቅ እንውላለን፣ ከእኔ ወዲያ ላሳር። እና የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ልክ በዚህ ሰዓት፣ ለልጅ ልጄ ሙዝ ፈጨሁ፣ ማር ጠብ አደረግሁበት፣ አንዲት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንዲት ብቻ፣ እንዳይታወቅ ደህና አድርጌ አሸሁት። ሹሙ ነው የምለው፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ወገቡን ይዞ ኩሽናዬን ስለሚጎበኝ ያወጣሁለት ስም ነው። ሦስት ማንኪያ በላ። አባባ ምላሴን በላኝ አለ። ብላ፣ አታስመስል፣ አልኩት።

አታስመስል።

ከንፈሩ አበጠ፣ ዓይኑ ተደፈነ፣ ትንፋሹ እንደተቀደደ ፊኛ ሲጥ ሲጥ፣ ጎረቤታችን ሹፌሩ ታቅፎት ሮጠ፣ እኔ በአንድ እግር ጫማ ከኋላ፣ ሐኪሟ ምን በላ ስትለኝ ሙዝ አልኳት። ሙዝ! ሌላስ አባቴ፣ ማር፣ ሌላስ፣ ምንም፣ ልጁ ፊቴ እየታፈነ እኔ ስሜን አድናለሁ፣ አንገቴን ይዛ ልታንቀኝ ትንሽ እስኪቀራት ጮኸችብኝ፣ ያኔ ነው ኦቾሎኒ ያልኩት፣ ያኔ ነው መርፌው የተወጋው። እና ጥፍሯን የተቀባችውን እንቃለሁ። እሷ እንኳ ከወረቀቱ ግርጌ በቀይ ጽፋለች፣ አለርጂ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ ብላለች፣ አንተስ፣ የድስት ጄኔራል፣ አንተ ፋራ ሽማግሌ፣ ከመሳቅ ሌላ ምን አደረግህ?

እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። እርጎ። ፖም። ኪያር። ዳቦውን በኮከብ፣ አዎ በኮከብ፣ አምስቱም ጫፉ ሳይሰበር፣ ጠርዙን ራሴ እበላዋለሁ፣ ጥርሴ ላይ አሸዋ ይሆንብኛል።

በሩ። ቦርሳው ይወድቃል፣ ጫማው ይወረወራል፣ አባባ! ይላል፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ይስመኛል፣ አልተቀየመም፣ ተመስገን፣ ና ሹሜ ርቦሃል፣ ሳህኑን ፊቱ አደርጋለሁ። ያየዋል። እጁን አይዘረጋም። አልራበኝም አባባ፣ ይላል፣ ሰው ቤት እንደሄደ ልጅ በትሕትና፣ ሆዱ ሲጮህ ሁለታችንም እንሰማዋለን። ምንም የደበቅሁት ነገር የለም እኮ፣ ያየኸው ብቻ ነው፣ እለዋለሁ፣ አውቃለሁ፣ ደግሞ ኮከቡ ያምራል፣ እማዬ ስትመጣ እበላዋለሁ፣ እሺ? ያባብለኛል። እኔን።

ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ በሶፍት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ ያወጣል። የምን ዳቦ ነው? የምሳዬ ነው፣ ዛሬ አንተ እንደምትጠብቀኝ እማዬ ስትነግረኝ ግማሹን አስቀመጥኩት፣ ይላል፣ ሳያፍር፣ ሳይከፋ፣ የቤት ሥራውን እንደሚነግረኝ ሁሉ፣ ይገምጣል፣ ደርቋል፣ ያንቀዋል፣ ውኃ ላምጣልህ የኔ ጌታ፣ ብዬ ብርጭቆ አነሳለሁ፣ ብርጭቆውን ያያል፣ እጄን ያያል፣ ከወንበሩ ወርዶ፣

ተወው አባባ፣ ራሴ እቀዳለሁ።