ሰባት ጊዜ የጠለለ ቀለም

የሰው ሰዓት ተከፍቶ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ አትዩት። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞጣ መናኸሪያ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስከፍት ኖሬ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ከክዳኑ ሥር ላብና እድፍ ተጋግሮ ይወጣል። መነጽር ሲያመጡልኝ አፍንጫ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ፤ የጆሮ ማዳመጫ ሲያመጡልኝ የጆሮ ኩክ አለ። ያመጣው ሰውዬ ከረባት አስሮ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ «ትንሽ አቧራ ገብቶበት ነው» ይለኛል። አቧራ ነው እንግዲህ። ባለቤቴ ሰገነት፣ «እንዲህ የምትጸየፍ ከሆነ ለምን ሌላ ሥራ አልያዝክም?» ትለኛለች። እጄ ጎበዝ ነው፤ ያስቸገረኝ ሆዴ ነው።

አየሁሽ የምትባል ሴት በመስከረም መጨረሻ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥ ጨርቁ ሳይፈታ ፊቴን አዞርኩ። ሽታው ቀድሞ ደርሶኝ ነበር።

«ምንድነው ይሄ? አይጥ ሞቶበታል እንዴ?»

«ብዕር ነው፤ የሚሞላ ብዕር። ቀለሙ እየደረቀ አልጽፍ አለ።»

«የማን ነው?»

«የአባቴ፣ የመሪጌታ ወልደ ኪዳን። ከቢቸና ነው የመጣሁት። ብዕር የሚሠራ ሰው ሞጣ አለ ቢሉኝ ነው።»

አባቷ የብራና ጸሐፊ ናቸው። አርባ ዓመት ጽፈዋል። ሁለት ዓመት ሆነ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመቃ ብዕር ደግሞ በየሁለት በየሦስት ፊደሉ ቀለም ካለበት ቀንድ መጥቀስ ይፈልጋል፤ ከቀንዱ እስከ ብራናው ባለው መንገድ ላይ እጃቸው ይርገፈገፍና ቀለሙ ይንጠባጠባል። አዲስ አበባ የሚሠራው ወንድሟ ይሄን ሰምቶ የሚሞላ ብዕር ገዝቶ ላከላቸው። ቀለሙን ሆዱ ውስጥ የሚይዝ ስለሆነ መጥቀስ ቀረ። ክንዳቸውን አትሮንሱ ላይ አስደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ መጻፍ ቻሉ። ግን ሁለት ቃል ጽፎ ይደርቃል።

ፈታሁት። ቀለም መምጠጫው ጎማ ውስጥ ያለው ቀለም አልነበረም፤ ጭቃ ነው። ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ። በመርፌ ስነካው ገመድ ገመድ እየሆነ ወጣ።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው የሞሉበት?»

«የቤቱ ቀለም ነዋ» አለችኝ፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት።

የቤቱ ቀለም እንዴት እንደሚዘጋጅ አውቃለሁ። የድስት ቂጥ ጥላሸት ይፋቃል። ገብስ እስኪከስል ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከቅጠልና ከግራር ሙጫ ጋር ይለወሳል። ከዚያ ማሰሮ ውስጥ ተከድኖ ወራት ይከርማል። ይሸታል፤ ይሻግታል፤ እንደገና ይለወሳል። በሰለ የሚሉት ሰፈሩን ሁሉ ሲያስነጥስ ነው። ለመቃ ብዕር የሚሆን ቀለም ነው፤ ጥላሸቱና ሙጫው ግን የፀጉር ያህል ስንጥቅ ባለው የብረት ብዕር ሲያልፍ ይጋገራል። ይሄን የሚያደርግ ሰው ከጎጃም ውጭ ያለ አይመስለኝም።

በሞቀ ውኃና በሳሙና አጠብኩት። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ከበረንዳው ጀርባ ምራቄን ተፋሁ። ሳስረክባት፣ «ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ለዚህ ብዕር የሚሆነው የሱቅ ቀለም ብቻ ነው» አልኳት። ብዕሩን በጨርቁ ጠቅልላ ሄደች። እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ብዕሩ እንደ ድሮው ነው። በዚህ ላይ አንድ የውኃ ላስቲክ ሙሉ የቤት ቀለም ይዛ መጥታለች። ክዳኑን ስትከፍተው ጎኔ ተቀምጦ ጫማ የሚያስጠርገው ሰው ተነሥቶ ሄደ።

«አያ የኔሰው፣ ወይ ብዕሩን ለቀለሙ ያስፉት፣ ወይ ቀለሙን ለብዕሩ ያቅጥኑት። አንዱን ያድርጉልኝ።»

እኔም ተናደድኩ። «እኔ የበሰበሰ ገብስ ስጠርግ የምውል ሰው አይደለሁም። አባትሽ ይሄን ነገር ለብዕር ከማጠጣት ለከብት ቢያጠጡት ይሻላል፤ ከብቱም አይጠጣው» አልኳት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር የተናገርኩት።

አልተቆጣችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችኝ። አባቷ በአርባ ዓመት የጻፉት መጽሐፍ ሁሉ ሌላ ሰው ያጻፈው ነው። መጨረሻው ቅጠል ላይ ያለው የአጻፊው ስም ነው። መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር ካህኑ ያንን ስም ጠርቶ ነፍስ ይማር ይላል። ይሄኛውን ግን ብራናውን ራሳቸው ፍቀው፣ ራሳቸው ጽፈው፣ ለሚካኤል ደብራቸው ሊሰጡ ተስለዋል። የመጨረሻው ቅጠል ላይ የሚገባው የራሳቸው ስም ነው። አራት ቅጠል ቀርቷቸዋል። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ነው።

«ሌላ ሰው ቢጨርስላቸውስ?» አልኳት።

«በጸሐፊዎች ዘንድ አጻፊ በሌለው መጽሐፍ ላይ የጨረሰው ሰው ነው ስሙን የሚጽፈው። ሌላ ሰው ከጨረሰው የሌላ ሰው ነው። አባባ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሌላ መጽሐፍ አይጽፉም።»

«የሱቁን ቀለም ለምን አይሞሉበትም ታዲያ?»

«ምን እንደገባበት የማያውቁትን ነገር ብራና ላይ አያሳርፉም። እኔም ለምኛቸው ነበር፤ እንቢ ብለዋል።»

አዘንኩ። እውነቴን ነው፣ አዘንኩ። «ተዪው፤ ቀለሙን አጥልዬ አቀጥነዋለሁ። ቅዳሜ ነይ» አልኳት።

ሞክሬያለሁ ደግሞ። ማታ ቤት ወስጄ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት። ጥላሸቱ ሁሉ ጨርቁ ላይ ቀረና ከሥር የወረደው የዕቃ እጣቢ የመሰለ ውኃ ነው። ሽታው ጥፍሬ ሥር ገብቶ ራት መብላት አቃተኝ፤ ሰገነት ጨርቁንም እኔንም ከቤት አስወጣችን። ሁለተኛ ጊዜ የማጥለል አቅም አልነበረኝም። ላስቲኩን ይዤ ወጣሁና ቀለሙን ከነዝቃጩ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። በማግስቱ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንድ ብልቃጥ ጥቁር ቀለም ገዛሁና ላስቲኩን አጥቤ ገለበጥኩበት። ብዕሩ በዚያ ቀለም እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ቅዳሜ አየሁሽ መጣች። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

«አይሸትም» አለች።

«ሰባት ጊዜ አጠለልኩት። ሽታው ከዝቃጩ ጋር ቀረ።»

ሰባት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስናገረው ግን እውነት መሰለ። እጄን ይዛ ሳመችኝ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ እጄን ታጠብኩ።

በኅዳር መጀመሪያ ስልክ ደወለች። አባቷ ጨርሰዋል። ቀለሙ ትንሽ ቀጠነብኝ ቢሉም፣ ያን ያህል የደከመልኝ ሰው እያለ አላማርርም ብለው ጽፈውበታል። መጽሐፉን ሲያስረክቡ ያ ብዕር ሠሪ ካልተገኘ ደስታዬ አይሞላም ብለዋልና እባክዎ ይምጡ አለችኝ። መሄድ አልነበረብኝም። ግን የሚመሰገን ሰው መሆን ያስደስተኛል፤ የጠዋቱን ሚኒባስ ይዤ ቢቸና ወረድኩ።

ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ስልሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። መሪጌታን ያን ቀን ነው ያየኋቸው፤ አጭር ሰው፣ ነጭ ጺም፣ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ እንኳ የሚንቀጠቀጥ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ከሰባት ጊዜ በላይ ይባርክህ፣ ልጄ» አሉኝ። ካህኑም ቄስ ስጦታው ስሜን ጠርተው መረቁኝ፤ ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ቄስ ስጦታው መጽሐፉን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡ። የመዝጊያውን ጸሎት አነበቡና «ወልደ ኪዳን» ሲሉ የመሪጌታ እንባ ወረደ። ከዚያ እንዲሳለሙት መጽሐፉን ሰጧቸው። ሽማግሌው ስማቸው ባለበት ላይ ከንፈራቸውን አሳርፈው ቆዩ። ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ቀና ሲሉ አፋቸው ጥቁር ነበር። እንባና ምራቅ ከቀለሙ ጋር ተቀላቅሎ ከከንፈራቸው ወደ ጺማቸው ይወርዳል፤ ነጩ ጺም ጫፉ ላይ ሰማያዊ ሆነ። አየሁሽ ሮጣ መጥታ በነጠላዋ ስትጠርጋቸው ባሰበት፤ አገጫቸው ሁሉ ተለቀለቀ። እሳቸው ግን ፊታቸውን አላሰቡም። ብራናውን ነው የሚያዩት። ስማቸው የነበረበት ቦታ ላይ ያለው ጠቃጠቆ ያለበት ርጥብ እድፍ ብቻ ነበር። ቄስ ስጦታው ምላሳቸውን ነክተው ከፊት ያለውን ቅጠል በጣታቸው ሲያሹት እሱም ለቀቀ። ሦስተኛውም ለቀቀ። አራተኛውም።

የሱቅ ቀለም ለደብተር የተሠራ ነው፤ ብራና ላይ ተኝቶ ይደርቃል እንጂ አይነክስም። ብዕር ሠሪ ነኝ ብዬ ይሄን አላሰብኩትም። ያሰብኩት አፍንጫዬን ብቻ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ መሪጌታ። «ቀለሜን ሳላበስለው ቀርቼ ነው።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ሌሎቹስ? አርባ ዓመት የጻፍኩት ሁሉ እንዲህ ነው? የሰው ስም ሁሉ እንዲህ ይጠፋል?»

በዚህ ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ቀለሙ የእርስዎ አይደለም፤ ይሄው ነው፣ ከዚህ አይበልጥም። ግን አሁን ስመረቅ አሜን ያለው ሰው ሁሉ ፊቴ ቆሟል።

«ያንን የቆየውን አምጡልኝ» አሉ። ቄስ ስጦታው ከዕቃ ቤት ትልቅ መጽሐፍ አወጡ፤ መሪጌታ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለአንድ ባለጠጋ የጻፉት ነው። ሽማግሌው መጨረሻውን ገለጡና ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የባለጠጋውን ስም አሹት። ጣታቸውን አዩ። ንጹሕ ነው። ደግመው አሹት፤ ጠንከር አድርገው፣ የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጅ በግራ ይዘው። ፊደሉ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቅጠል ገለጡ፣ እሱም ያው። «ተመስገን» አሉና ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ስንት ጊዜ ነበር ያጠለልከው?» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም።

«ሰባት ጊዜ» አልኩ።

አዎ፤ አሁንም። ያንን ጥቁር አፍ እያየሁ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ሌላ አልጠየቁኝም። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

«የኔታ፣ ቅጠሎቹን ፍቀን እንደገና ቢጽፏቸው?» አሉ ቄስ ስጦታው።

መሪጌታ ቀኝ እጃቸውን አነሡና ለሁላችንም አሳዩን። ከጥቅምት ወዲህ ብሶበታል፤ በግራው ካልተያዘ አየር ላይ አይቆምም። «ፈትታችሁ አውጧቸው» አሉ። «ደብረ ወርቅ እንዳለው የሚባል ተማሪ አለኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። እሱ ይጨርሰው።»

«ስሙስ?»

«የጨረሰ ሰው ይጻፍበታ። ሥርዓቱ እኮ ነው።»

መሪጌታ ጺማቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እንግዳው ከሩቅ ነው የመጣው፤ አስታጥቢውና ይብላ።»

አየሁሽ ውኃና ሳህን ይዛ መጣች። ስታፈስልኝ እጄን እንጂ ፊቴን አላየችም።

«አያ የኔሰው» አለች፤ ከኔ በቀር ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንን የኛን ቀለም የት ደፉት?»

እጄን አራገፍኩ። ውኃው አለቀ፤ ትሪው ቀረበ፤ መሪጌታ በዚያ ጥቁር አፋቸው «ብላ እንጂ ልጄ» እያሉኝ በላሁ።