የኔዴልካ ቋጠሮ

«በሐዘን ቤት ቀይ ክር! የእኅቴ አፈር እንኳ ሳይደርቅ!» እትዬ ስታንካ መቀስ እንደያዙ ጠረጴዛውን ዞሩት። «እጅሽን ወዲህ በይ ብያለሁ!»

ቪህራ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። አታለቅስም። ሰባት ዓመት የሞላት ቀጭን ልጅ ናት፤ አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ የራሷን ካልሲ ትመለከታለች።

«ይተዉአት አክስቴ» አለች እናቷ ዝላቲና፣ ምድጃው ላይ የተጣደውን ንፍሮ ማማሰሏን ሳታቋርጥ።

«ምኑን ነው የምተወው? ነገ ዘጠነኛው ቀን ነው። ቄሱ ይመጣሉ፣ መንደሩ ይመጣል። የኔዴልካ የልጅ ልጅ አያቷን ቀብራ በቀይ አጊጣ አየናት ይበሉን?»

«እማዬ ራሷ ናት እኮ ያሰረችላት።»

«ያኔ በሕይወት ነበረቻ!»

በተረት የመጋቢት እመቤት የምትባለው አሮጊቷ ማርታ በገባችበት ቀን ልጅ ሁሉ እጁ ላይ ቀይና ነጭ ክር ይታሰርለታል። ክሩ የዓመቱ የመጀመሪያ ሽመላ እስኪታይ አይፈታም፤ ሽመላ የታየ ዕለት ደግሞ ተፈትቶ ባቆጠቆጠ ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። ሐዘን የገባበት ቤት በበኩሉ ቀይ የሚባል ነገር አያስገባም። ሁለቱም ሕግ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ አሁን አንዲት ቀጭን እጅ ላይ ተገናኝተው ይናቆራሉ።

«እጅጌዋን እናወርደዋለን» አለች ዝላቲና በመጨረሻ። «እንግዳው እስኪሄድ ማንም አያይም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስፔን እንጆሪ ስትለቅሚ ከርመሽ ዛሬ እናት ሆንሽልኝ?»

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው አባባ ፔንቾ ሁለት የተውሶ ወንበር ተሸክመው ገቡ፤ መቀሱን ሲያዩ ቆም አሉ። ስምንት ቀን ያልተላጨ ነጭ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ምነው ስታንካ፣ ለእኔ ነው? ለሐዘን ያሳደግሁት ነው፤ ባይሆን አርባው ይውጣ።»

እትዬ ስታንካ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ማልቀስ ጀመሩ። መቀሱም መሳቢያው ውስጥ ገባ። ቪህራ እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ስባ፣ አንገቷን እንደደፋች፣ በአባባ ፔንቾ እግሮች መሐል ሾልካ ወጣች።

ዝላቲና ስታየው የነበረው ይህንኑ አንገት ነው። ከመጣች ጀምሮ ልጇ አንዴ እንኳ ቀና ብላ ፊቷን አላየችውም።

ማታ የተቀቀለውን ስንዴ እንዲጠነፍፍ በነጭ አንሶላ ላይ፣ በሟቿ አልጋ ላይ አሰጡት። ዝላቲና በዚህ አልጋ ጠርዝ ላይ ልጅ ሆና ተቀምጣ ታውቃለች። ያኔም ለሙታን ቀን ስንዴ እዚሁ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እሷ ጨብጣ ጨብጣ ትሰርቃለች፤ እናቷ ኔዴልካ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው «አይጥ ገብታለች መሰለኝ፣ ድመቷን ልጥራት?» ይላሉ። ኔዴልካ ለስላሳ ቃል የማይወጣቸው ሴት ነበሩ። ልጅ ሲወድቅ «ተነሽ፣ መሬቱ አልተጎዳም» ነው የሚሉት። ነገር ግን አይጧን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም።

አሁን አንሶላው ሥር አንዲት ትንሽ እጅ ስትንቀሳቀስ አየች።

«አይጥ ገብታለች መሰለኝ» አለች ዝላቲና።

«አይጧ እኔ ነኝ» አለ ካሊን፣ አፉ ስንዴ እንደሞላ። ገና አራት ዓመቱ ነው። እናቱ ስትሄድ ጡት ላይ ነበር፤ ስለዚህ የሚያውቃት «የስልኳ እማዬ» ብሎ ነው። መሬት ላይ ቆማ ያያት ቀን ዙሪያዋን ዞሮ «እግርም አላት!» ብሎ ለእኅቱ ነግሯት ነበር።

ከካሊን ጋር ነገሩ ቀላል ነው። እሱ ስለ ሁሉም ነገር ይናገራል። እንቁላል በቢላ ከተቆረጠ እንደማይበላ፣ አያቱ በክር ይቆርጡለት እንደነበር፣ እግሩ ሲታጠብ ከትንሿ ጣት መጀመር እንዳለበት እሱ ነው ያስተማራት። አያቱ እንጨት ክምሩ ላይ ቁጭ እንዳሉ ያረፉ ዕለትም፣ የተኙ መስሎት የራሱን ካፖርት አልብሷቸው እንደነበር የነገራት እሱ ነው። «አጠራት» አለ። «ካፖርቱ።»

ቪህራ ግን ሥራ ብቻ ናት። ጽዋው የት እንዳለ በጣቷ ታሳያለች፣ ፀጉሯን እንድትጎነጉንላት ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፣ ሲያልቅ ተነሥታ ትሄዳለች። አንገቷን ደፍታ ስለምትሄድ ከትናንት ወዲያ ከጓሮው በር ጋር ተጋጭታ ግንባሯ አብጧል። ዝላቲና ቅቤ ልትቀባት ስትጎነበስ ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

እሑድ ከመቃብር መልስ ቤቱ ሞላ። ንፍሮው በስኳርና በተፈጨ ብስኩት ተለውሶ በየሳህኑ ዞረ፤ ወይኑ ከመጠጣቱ በፊት ጠብታው መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ነፍሷን ይማር።»

«ይማር፣ ይማር። ስኳሩ ግን በዝቷል» አሉ አባባ ፔንቾ። «ኔዴልካ ብትኖር ‹ሙታን ጥርስ የላቸውም ብላችሁ ነው?› ትል ነበር።»

ሴቶቹ ማዕድ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ያንሾካሽካሉ። ዝላቲና ሳህን ይዛ ስትመጣ ከበሩ ኋላ ሰማቻቸው።

«ልጅቷን አየሻት? መቃብሩ ላይ እንኳ ቀና አላለችም።»

«ምን ብላ ቀና ትበል? እናቷን እንዳታይ እኮ ነው። ልጅ ቂም ይይዛል።»

«ዛሬ ትሄዳለች አሉ፣ በአሥሩ ሰዓት ሚኒባስ። ልጆቹን ስታንካ ትወስዳለች።»

«ይሻላል። ያላወቁትን ፊት ከሚለማመዱ።»

ዝላቲና ሳህኖቹን እዚያው መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። እነሱ የተናገሩትን እሷም ለራሷ ስትለው ነው የሰነበተችው። ባሏ ስታመን ጠዋት ከስፔን ደውሎ የእርሻው ባለቤት ከማክሰኞ በላይ እንደማይጠብቅ ነግሯታል፤ ሻንጣዋ መኝታ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። የቀረው ልቧ ነበር፤ እሱንም ያቺ የተደፋች አንገት እየዘጋችው ነው።

እንግዳው ወይን ሲቀዳ፣ ቪህራ ከጠረጴዛው ጫፍ የተጎተተ እጅጌዋን በጣቷ ጨምድዳ ይዛ ተቀምጣለች። ዝላቲና ያን እጅጌ አይታ ሌላ ቀን ትዝ አላት። አባቷ የሞተው በየካቲት ነበር፤ እሷም የዚያኔ የቪህራን ያህል ነበረች። ማርታ ስትገባ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ክር አሰሩ። እትዬ ስታንካ ከቤቱ ቀዩን ሁሉ፣ የወንበር መደገፊያውን ሳይቀር፣ ጠቅልለው አውጥተውት ነበር። ጠዋት ኔዴልካ ካልሲዋን ሲያደርጉላት ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ጊዜ አዙረው ቀይና ነጩን ክር አሰሩላት፤ ጫፉን በጥርሳቸው ስበው አጠበቁት፤ ትኩስ ትንፋሻቸው እግሯን ነካት።

«ሐዘኑ የትልቅ ሰው ነው» አሉ። «ለስታንካ አትንገሪ።»

ከዚያም ካልሲውን ስበው ሸፈኑት፤ ከል ለብሰው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ወደ ለቀስተኛው ወጡ። ያን መጋቢት ዝላቲና እግሯ ላይ ደስታ ደብቃ ስትራመድ ነው ያለፈው። ለማንም አልነገረችም።

እንግዳው ተሰናብቶ ሲያልቅ ካሊንን አፉን ልታብስ ይዛው ወጣች። የግቢው በር ላይ የሟቿ ፎቶ ያለበት የሐዘን ወረቀት ተለጥፏል፤ ካሊን ባለፈ ባገደመ ቁጥር ስለሚስመው የአያቱ አፍንጫ ደብዝዟል። አሁንም ሳመው።

«አንተስ ክርህ የታል?» አለችው።

«ፈታሁት። ሽመላ አየሁ።» በጣቱ የአባባ ፔንቾን ጭስ ማውጫ አሳየ። እዚያ ላይ ያለው የሽመላ ጎጆ ባዶ ነበር። «ከብት ለመፈለግ ሄዷል። ይመለሳል።»

«ሽመላ ከብት አይፈልግም።»

«እንቁራሪት ማለቴ ነው። የኔ ክር ፕሪም ዛፉ ላይ ነው፣ ያውልሽ። ቪህራ ግን አላየችውም። ወደ ላይ አታይማ።»

ዝላቲና አፉን የምታብስበትን ጨርቅ እንደያዘች ቀረች።

«ለምንድን ነው ወደ ላይ የማታየው?»

«ካየችው ትፈታዋለቻ!» አለ ካሊን፣ ይህን ያህል ነገር ለትልቅ ሰው ማስረዳት ሰልችቶት። «ከፈታችው ደግሞ የሚያስርላት የለም። እማማ ኔዴልካ ሞታለች። አንቺ በሚኒባስ ትሄጃለሽ። አክስቴ ደግሞ መቀስ ነው ያላት።»

እትዬ ስታንካ ቤት ውስጥ የልጆቹን ልብስ እያጠፉ በአንሶላ ይቋጥራሉ። ዝላቲና በአጠገባቸው አልፋ በጓሮው በር ወጣች።

ቪህራ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የከረመ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሳህኑ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ግንባሯ ሳህኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዝላቲና አጠገቧ ልትቀመጥ ፈልጋ ተወችው። ከመጨረሻው ደረጃ በታች ወረደችና ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ መሬቱ ላይ፣ ገለባው ላይ፣ ተቀመጠች። ጭንቅላቷም ከልጇ ጉልበት በታች ሆነ።

ቪህራ ቀና ሳትል አየቻት። ብዙ አየቻት።

«ዓይንሽ ሥር ጠቃጠቆ አለሽ» አለች በመጨረሻ። «ስልክ ላይ አይታይም።»

«ፀሐዩ ነው።»

«እንጆሪው ላይ?»

«እንጆሪው ላይ።»

ከበላያቸው ክንፍ ሲራገብ ተሰማ፤ ከዚያ ከአባባ ፔንቾ ጣራ ላይ ሁለት እንጨት እንደሚጋጭ ያለ የምንቃር ድምፅ ቀጠለ። ቪህራ ትከሻዋን ሰበቀች።

«መስማት አይቆጠርም» አለች ቶሎ ብላ።

«አይቆጠርም።»

«ቀና እንዳትዪ!»

«እኔ እኮ ክር የለኝም። ባየው ምን እሆናለሁ?»

ልጅቷ ይህን አሰበችበት። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጣ ከኪሷ አንዲት የቀይና ነጭ ክር ቁራጭ አወጣች፤ ከአያቷ የፈትል ቅርጫት የተረፈች፣ ከመያዝ ብዛት ነጯ አመድ የመሰለች። እናቷ የጥቁር ሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ስባ እጇን ሰጠቻት። ቪህራ ሁለት ጊዜ አዞረችው፣ ከሥር አሳለፈችው። ጎንበስ ብላም ጫፉን በጥርሷ ስባ አጠበቀችው፤ ትኩስ ትንፋሽ የዝላቲናን እጅ ነካው።



«አሁን አንቺም ቀና ማለት አትችዪም» አለች ቪህራ።

«አልልም።»

«ለብዙ ቀን።»

«ለብዙ ቀን አልልም። ሳህኑን ወዲህ አድርጊው።»

ካሊን ሮጦ መጥቶ በሁለቱ መሐል ተሸጎጠ። አደባባዩ ላይ የሚኒባሱ ጡሩምባ ተነፋ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተነፋ። እትዬ ስታንካ ሻንጣውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ባቄላ የሚፈለፍሉትን ሦስቱን አዩ፤ በጥቁሩ እጅጌ ሥር ቀዩን ክር አዩ። ሻንጣውንም እንደያዙ ወደ ቤት ተመለሱ።

የሞተሩ ድምፅ ኮረብታውን ዞሮ እየራቀ ሲሄድ ካሊን አንዱን ቅርፊት ከፍቶ ተመለከተ።

«ይቺ ባዶ ናት» አለና ወረወራት።