ከምስጋናው በኋላ

ማመስገን ልብን ያቀላል የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። እናቴ ወይዘሮ አገኘሁሽ ሌላ መድኃኒት አታውቅም ነበር። የኮላ ድባ ሰው ሁሉ በጣሊያን ግፍ ሲያለቅስ፣ እሷ በየማለዳው ደጃፏ ላይ ቆማ ለጤናዋ፣ ለፀሐዩ፣ በሬያችን በሰላም ለማደሩ ሳይቀር ታመሰግናለች። ሲከፋን እኛንም "እስቲ የተደረገላችሁን ንገሩኝ" ትለናለች። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ይቀለን ነበር።

አባቴን አቶ ጌታውን ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ወደ ዛሪማ ቆላ የወሰዱት ክረምቱ እንደወጣ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንዳድ እንደያዘው፣ ካልለቀቁትም እንደማይተርፍ ሰማን። ጎንደር ያለው የጣሊያን ሹም አቤቱታ ይሰማል ስለተባለ እናቴ እኔን አስከትላ ሄደች። በር ላይ የባሏን ስም ጠይቀው መዝግበው አስገቡን።

ሹሙ ተቀምጧል። አስተርጓሚው አማርኛን በገበያ የለቀመ የሩቅ አገር ሰው ነው።

"ቤትሽ እንዴት ነው? ይልሻል" አላት።

እናቴ እጅ ነሳች። በእኛ ዘንድ ምስጋናው ይቀድማል፣ ችግሩ ይከተላል፤ ሹም ፊት ቀርቦ በሮሮ መጀመር ነውር ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን ጌታዬ፣ ሁሉ ሸጋ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ከብቱም ደህና ነው።"

አስተርጓሚው አንድም ሳያስቀር ነገረው። ሹሙ ፊቱ በራ፤ ከጠዋት ጀምሮ የሰማው ልቅሶ ብቻ ነበር። አንድ ነገር ተናግሮ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ።

"እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን ብሏል። በቃ፣ ሂጂ።"

"ኧረ ገና አልነገርኩትም!" አለች እናቴ። ዘበኞቹ ክንዷን ይዘው አወጧት። እኔ "አባቴ ታሟል!" ብዬ ስጮኽ በሩ ተዘግቶ ነበር። በማግሥቱ ብንመለስም "አንቺ ተሰምተሻል" ብለው ከደጅ መለሱን።

ለገና ሰሞን ከአባቴ ጋር መንገድ ሲሠሩ የነበሩት አያ ሀዳነ የእሱን ጋቢ ይዘው መጡ። ሌላ ማርዳት አላስፈለጋቸውም። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ቀና አለች።

"ምነው አያ ሀዳነ፣ ልቀቁኝ ብሎ ሳይለምናቸው ቀርቶ ነው?"

"ለምኖ ነበር እንጂ። ልጆቼ እህላቸውን የሚያጭድላቸው የለም፣ ልቀቁኝ አለ። ከጎንደር መልስ መጣ። ሚስትህ ራሷ ቀርባ ቤቱ ደህና ነው ብላለች አሉት።"

"እሱስ ምን አለ?"

አያ ሀዳነ መሬት መሬቱን አዩ።

"ደህና ከሆኑስ ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ ልቀቁኝ አላለም።"