የጥሩሰው ጫማ አይነክስም

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ውስጥ የጫማ ሰፊውን የጥሩሰውን እጅ የሚያማ ሰው አልነበረም። ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ እየቆረጠ የሚሠራው በረባሶ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ይመላለሳል እንጂ ማሰሪያው ላልቶ አያውቅም። ስለዚህ ሾፌሩ አለምሰገድ አንድ ረፋድ ላይ በሩ ላይ ቆሞ ሰፈር ሲሰበስብበት የጥሩሰው ደም ፈላ።

«ተረከዙ ውስጥ የሚያዳምጥ ነገር ሰፍቶብኛል! የማወራውን ሁሉ ያስተላልፋል! ይኸው እግሬን አሳበጠው!» እያለ በረባሶዎቹን ወረወረለት።

አብሮት የሚያሽከረክረው ሽማግሌው ጀንበሬ ክንዱን ይዞ ጎተተው። «እለፈው ጥሩሰው፣ ጫት ነው እንዲህ ያደረገው። ቅዳሜ መኪና ላይ አሳፍረን፣ እምቢ ካለም አስረን አገሩ እንመልሰዋለን።»

«ጫት አልቅምም!» አለ አለምሰገድ። ሰሚ ግን አላገኘም።

ጥሩሰውን እብደቱ አልከነከነውም። የከነከነው «አሳበጠው» የምትለዋ ቃል ናት። በሃያ ዓመት ውስጥ ጫማው የሰው እግር አቁስሎ አያውቅም።

«ና ቁጭ በል። ጥፋቱ የኔ ከሆነ እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ» ብሎ እግሩን ጭኑ ላይ አሳረፈው። ከተረከዙ ከፍ ብሎ ጅማቱ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ደረቅ እብጠት አገኘ። ሲጫነው አያምም። ቆዳው አልተላጠም። የግራውን አነሳ። ያው እብጠት፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ።

«ጋሽ ጀንበሬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም፤ አንዱ ይበልጣል። ጫማ ሲነክስ የሚበልጠውን ነው የሚነክሰው። ሁለቱን እኩል የሚነክስ ጫማ እግዜርም አልፈጠረ። ይሄ ከውስጥ የመጣ ነው።»

«እብደቱም ከተረከዙ ነው የመጣው በለና!»

«እሱን አላውቅም። ሐኪም ይየውና የጫማዬን ስም ያጥራልኝ።»

በማግስቱ ሦስቱም ዶክተር ሙሕሲን ፊት ተቀመጡ። ዶክተሩ ድሬዳዋ ያደገ ጅቡቲያዊ ስለሆነ አማርኛ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ጀንበሬ «ጫት ነው» ሲለው ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። ጥሩሰው የአለምሰገድን እግር ብድግ አድርጎ ወረቀቱ ላይ ዘረጋው።

«ኧረ ባክህ፣ ሰውዬ!» አለ ዶክተሩ። ከዚያ እብጠቱን ነካ። ሌላኛውንም ነካ።

«ልጅ ሳለህ ዓይንህን ታመህ ነበር?»

«በአሥራ አራት ዓመቴ የዓይን ሞራ አውጥተውልኛል።»

«ሆድህስ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ያስቀምጠኛል።»

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ አለምሰገድ አስጠጋ። «አንጎላችን ያለ ኮሌስትሮል አይሠራም። ግን የተረፈው ተለውጦ መውጣት አለበት። ወደቡን አስበው። መርከብ ያራግፋል፤ መኪኖቹ ካልወጡስ?»

«ኮንቴይነር ይቆለላል» አለ አለምሰገድ። ከታመመ ወዲህ ረጋ ብሎ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አንተ ዘንድም እንደዚያ ይመስለኛል። ሰውነትህ ኮሌስትሮልን የሚለውጥበት አንድ ነገር ከውልደትህ ጎድሎሃል። የተረፈው ስብ ዓይን ላይ፣ ጅማት ላይ፣ አንጎል ላይም ተቆለለ። አንጎል ላይ ሲሆን ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ወዳጁን ይጠረጥራል። በደም ምርመራ ይለያል። መድኃኒትም አለው።» የምርመራ ማዘዣውን እየሞላ አንዱ መስመር ላይ ደርሶ ቀና አለ። «በሽተኛውን የላከው ሐኪም ስም ይላል እዚህ።»

«ማንም ሐኪም አልላከንም» አለ ጀንበሬ።

«ልኳችኋል እንጂ» ብሎ ዶክተሩ በፈረንሳይኛ ጻፈ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎም አነበበው። «ጥሩሰው፣ ጫማ ሰፊ፣ ካርቲየ ሰባት።»

ጥሩሰው በደስታ የሚገባበት ጠፋው።

ቅዳሜ መኪናው ያለ አለምሰገድ ወጣ። ፈረንሳይ የተላከው የደም ውጤት በአምስተኛው ሳምንት መጣ፤ ዶክተሩ የጠረጠረው ሆኖ ተገኘ። አለምሰገድ መድኃኒቱን ከጀመረ በአራተኛው ወር ድምፆቹ ጨርሰው ባይጠፉም ርቀዋል። እብጠቱ አሁንም አለ፣ መሪም ገና አልጨበጠም። ቀን ቀን ግን ጥሩሰው ጎን ተቀምጦ ይጫወታል፤ አስረን እንላከው የሚልም የለም።

አንድ ቀን ጀንበሬ ከድንበሩ ከጋላፊ መንገድ አቧራውን እንደለበሰ መጣና አለምሰገድ ፊት ቆመ። «ጫት ነው እያልኩ ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማረኝ፣ ወንድሜ።» ተቃቀፉ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ። «በል ጥሩሰው፣ የኔንም እይልኝ። ሚስቴ ነጋ ጠባ አብደሃል ትለኛለች።»

ጥሩሰው ሁለቱንም ተረከዝ ጨመቅ ጨመቅ አደረገ። «ያንተ ጤነኛ ነው። እብደቱ የገዛ ጠባይህ ነው።»

ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው አለምሰገድ ነበር። ከጀንበሬ ኋላ ስድስት ሾፌሮች አጎንብሰው የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈታሉ። ጥሩሰው እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገና ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ተራ በተራ፣ ጌቶቼ» አለ። «ደግሞ እግራችሁን ታጥባችሁ!»